ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ሰኞ፦ የኬሚካል መያዣ ገንዳ ምን ይቀባ?

(ለፋብሪካ የጥገና፣ የግዢና የመጋዘን ሠራተኞች የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ሲመጣ በመጠኑ ታርሟል።)

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እስኪደርስ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ወንበራችሁ ላይ ቁራጭ ወረቀት አለ። የተጻፈበት ይህ ነው፤ «ቅዳሜ ከሥራ ከወጣችሁ በኋላ አንድ በርሜል ኬሚካል ቢፈስ፣ ፈሳሹ ተነስቶ ወለሉ እስኪታጠብ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ስማችሁን አትጻፉ። የፋብሪካችሁንም ስም አትጻፉ። መልሱን ብቻ። መጨረሻ ላይ እሰበስበዋለሁ።

ጥያቄውን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ሰው ለምክር ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚለኝ «የቱ ቅብ ጠንካራ ነው?» ነው። ቀጥሎ «በካሬ ስንት ይወጣል?» ይለኛል። ሁለቱንም ወዲያው መመለስ አልችልም። መጀመሪያ ሦስት ነገር ማወቅ አለብኝ። የሚፈሰው ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ይተኛል? የሚተኛበት ኮንክሪትስ እንዴት ነው? አንደኛው በርሜሉ ላይ ተጽፏል። ሦስተኛው በመዶሻ ይታወቃል። ሁለተኛውን ግን ማንም ጽፎ አይሰጣችሁም። ሻጩም አያውቀውም። የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። እኛም ብንሆን ለራሳችን እውነቱን አንናገርም።

መያዣ ገንዳ የምለው በኬሚካል ታንክና በርሜል ዙሪያ የሚሠራውን፣ ጠርዙ ከፍ ያለ የኮንክሪት ወለል ነው። ዋናው ዕቃ ሲከዳ ፈሳሹን ይዞ ያቆያል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ስለ መጠኑ ብዙ አላወራም። በአሜሪካ የአደገኛ ቆሻሻ በርሜሎች ማስቀመጫ የጠቅላላውን 10 በመቶ ወይም የትልቁን ዕቃ ሙሉ ይዘት፣ ከሁለቱ የበለጠውን መያዝ አለበት። በእንግሊዝ የተለመደው የትልቁ ታንክ 110 በመቶ ወይም የሁሉም ድምር 25 በመቶ ነው። እዚያም የሚወሰደው የበለጠው ነው። ባለ 1,000 ሊትር ታንክ ብቻውን ከቆመ 1,100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይፈልጋል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሒሳብ ነው። የሚከብደው የገባውን ሳያሳልፍ እንዲይዝ ማድረጉ ነው።

ብዙ ሰው ኮንክሪት ድንጋይ ይመስለዋል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ያልተቀባ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ግማሽ ሎሚ ጨምቁ። ጎንበስ ብላችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። ቺስስ ይላል። ትንንሽ አረፋ ይወጣል። ጠዋት ስታዩት ቦታው ነጥቶ፣ አሸዋው ብቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። ሲሚንቶ ጠባዩ የኖራ ነው። ፒኤቹ፣ ማለትም አሲድነቱን ወይም ኖራነቱን የሚናገረው ቁጥር፣ ከ12 በላይ ነው። አሲድ የተባለ ሁሉ ጠላቱ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሚንቶውን ወደሚሟሟ ጨው ለውጦ አጥቦ ይወስደዋል። ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ ወደ ጂፕሰም ይለውጠዋል። ጂፕሰሙ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ሎሚ ይህን ካደረገ 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ቤንዚንና ሶልቬንት፣ ማለትም እንደ ቀለም ማቅጠኛ ያለ ማሟሚያ ፈሳሽ፣ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ኮንክሪቱን አይበሉትም፤ ዝም ብለው በውስጡ ያልፋሉ። ወለሉ ደህና መስሎ ይቆያል፣ የጉድጓድ ውሃው ግን ይበላሻል።

ገንዳ ሲከዳ ምን እንደሚመጣ ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ዌስት ቨርጂኒያ፣ ቻርልስተን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2014 ጠዋት ሰዎች ሰፈሩ እንደ ከረሜላ ይሸታል ብለው ስልክ መደወል ጀመሩ። ሽታውን ሊኮሪስ ይሉታል፤ ለእኛ አፍንጫ እንስላል የሚያስታውስ ነው። ፍሪደም ኢንዱስትሪስ የሚባል የኬሚካል ማከማቻ ውስጥ አንድ አሮጌ ታንክ ሥሩ ዝጎ ተበስቶ ነበር። የፈሰሰው ለድንጋይ ከሰል ማጠቢያ የሚያገለግል ኬሚካል ነው፤ ወደ 38,000 ሊትር ይጠጋል። ታንኩ የቆመው ጠጠርና አፈር ላይ ነበር። ከወንዙ የሚለየው የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ስንጥቅ ነበረበት። ብሎኬት! እኛ አጥር የምንሠራበት። ኬሚካሉ ኤልክ ወንዝ ገባ። የከተማው የውሃ መሳቢያ ከዚያ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢርቅ ነው። 300,000 ያህል ሰው «ውሃውን አትጠጡ፣ አትታጠቡበት፣ አታብስሉበት» ተባለ። ኩባንያው በሳምንቱ ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ገባ።

ሁለተኛው በንስፊልድ ነው፣ ከለንደን በስተሰሜን። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2005። ቀኑ እሑድ ነው፤ ገና ሳይነጋ። የአንድ ታንክ መለኪያ ተጣብቆ ቀርቶ ቤንዚን ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ። ከ250,000 ሊትር በላይ ፈሰሰ። ከዚያ ፈነዳ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃና አረፋ ከነዳጁ ጋር ገንዳዎቹ ውስጥ ተጠራቀመ። ገንዳዎቹ ኮንክሪት ናቸው፣ ግድግዳቸውም ጠንካራ ነው። ግን አፈሰሱ። የት? መጋጠሚያዎቹ ላይ፣ ቱቦ ግድግዳውን በስቶ በሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ ኮንክሪቱ ሲሞላ የፎርሙን ሳንቃዎች አንድ ላይ ያሰሩት ብረቶች በተዉት ቀዳዳ ላይ። ግንበኛ በጣቱ ሲሚንቶ ወትፎ የሚያልፋት ቀዳዳ ማለት ነው። የእሳት ማጥፊያው አረፋ ከሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ገባ።

በንስፊልድን የማነሳው ወለሉን ቀብተን ግድግዳውንና መጋጠሚያውን ስለምንረሳ ነው። ገዢ በካሬ ይከፍላል፣ ቀቢም በካሬ ይሠራል። ስንጥቅ ግን በካሬ አይለካም። ገንዳ ሳይ መጀመሪያ የምሄደው ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ማዕዘን ጋ ነው። እዚያ ስለት የመሰለ ቀጥ ያለ ማዕዘን ካለ ቅቡ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ጋ ነው። በኢፖክሲ፣ ማለትም ከሁለት ባልዲ ተዋህዶ በሚጠነክር ሙጫ መሰል ቅብ፣ እና በአሸዋ ድብልቅ ተሞልቶ ክብ መሆን አለበት፤ አውራ ጣታችሁ ሳይቆለመም የሚንሸራተትበት ዓይነት። የሚንቀሳቀስ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ጠንካራ ቅብ ዝም ብሎ አይለፍበት። ኮንክሪቱ ሲሞላ የተቀበረ ውሃ የሚያግድ ጎማ ይኑረው፣ ከላይ ደግሞ ለዚያው ኬሚካል የተፈተነ የሚለጠጥ መሙያ።

እሺ፣ ወደ ቅቦቹ። ቡናውም ደረሰ፤ አንድ አንድ ውሰዱ።

እዚህ አገር ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ተራው ኢፖክሲ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው። ለኮስቲክ ሶዳ ጎበዝ ነው። ለዘይት፣ ለናፍጣ፣ ለቀጠነ አሲድ ይበቃል። ችግሩ ባልዲው ላይ «ኬሚካል ይቋቋማል» ተብሎ መጻፉ ነው። ይህ «ትኩስ ምሳ አለን» እንደሚል የምግብ ቤት ማስታወቂያ ነው። ምን ምሳ? ተራ ኢፖክሲ ላይ 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ስታፈሱ ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ለእሱ የተሠራው ኖቮላክ ኢፖክሲ ነው። ሞለኪውሉ ጠበቅ ብሎ የተሳሰረ ነው፤ ጠንካራ ሰልፈሪክንና ብዙ ሶልቬንቶችን ይችላል። በዚያው ልክ ግትር ነው። ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ሲሰነጠቅ አብሮ ይሰነጠቃል።

በረኪና ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ቤት የምናውቃት በረኪና ቀጭን ናት፤ ለውሃ ማጣሪያና ለጨርቃ ጨርቅ የሚመጣው ግን ወፍራሙ ነው። ኢፖክሲን ቀስ በቀስ ያነጣዋል፣ ያደርቀዋል፣ ያረግፈዋል። እዚያ የሚመረጠው ቪኒል ኤስተር ነው፤ ለሃይድሮክሎሪክም እንዲሁ። ጠንካራ ናይትሪክ አሲድ ግን ሁሉንም ያስቸግራል፤ ቪኒል ኤስተርም ቢሆን እስከተወሰነ ጥንካሬ ነው። ቪኒል ኤስተር ሲቀባ ሽታው ሰው ያባርራል፣ ትነቱም ይቀጣጠላል። በር ከፍቶ፣ ማራገቢያ አቁሞ፣ የብየዳ ሥራ አስቁሞ ነው። ፖሊዩሪያ የሚባለው ደግሞ በማሽን ተሞቆ ይረጫል፣ በሰከንዶች ይደርቃል፣ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ለሚሰነጠቅ ወለልና ለናፍጣ ገንዳ እወደዋለሁ። ጠንካራ አሲድ አጠገብ ግን አላደርሰውም።

በፋይበርግላስ፣ ማለትም በብርጭቆ ክር፣ ስለተጠናከረ ቅብ የጠየቀኝ ሰው ነበር። ጥሩ ነው፣ ስንጥቅ ይይዛል። ግን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ራሱን ብርጭቆውን ይበላል። ትኩስ ወይም ጠንካራ ኮስቲክም እየቆየ ያጠቃዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የላይኛው ንጣፍ ከብርጭቆ ሳይሆን ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን።

አሁን ወደ አንድ ቤት እንግባ። ሞጆ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቆዳ ፋብሪካ። ፀጉር ለማንሳት ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ላለው ሥራ ሰልፈሪክ አሲድና ፎርሚክ አሲድ አለ። ፎርሚክ አሲዱ አብዛኛውን ጊዜ 85 በመቶ ሆኖ በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ይመጣል። ባለቤቱ ይደውልልኝና «አራቱንም የሚችል አንድ ቅብ ስጠኝ፣ አንድ ትልቅ ገንዳ ሠርቼ እገላገላለሁ» ይለኛል።

መልሴ፣ አንድ ገንዳ አይሆንም ነው። ቅቡ ባይከዳም እናንተ ትሞታላችሁ። ሶዲየም ሰልፋይድና አሲድ አንድ ገንዳ ውስጥ ከተገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታው መጀመሪያ ይሰማል፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። የጠፋው የእናንተ አፍንጫ ነው። በረኪናና አሲድም ሲገናኙ ክሎሪን ይወጣል። ስለዚህ ከቅብ ምርጫ በፊት ግድግዳ አለ፤ አሲድ ለብቻው፣ ሰልፋይድ ለብቻው፣ መውረጃቸውም ለየብቻ።

ከዚያ አሲዱ ክፍል ውስጥ ስንገባ ለሰልፈሪኩ ኖቮላክ ይሆናል። ፎርሚኩ ነው የሚያስቸግረው። ጠንካራ ፎርሚክና ጠንካራ አሴቲክ አሲድ ኢፖክሲን ያለሰልሱታል። ቀጭን አቼቶ የማይነካውን ወለል ያልቀጠነው አሴቲክ አሲድ እንደ ማስቲካ ያደርገዋል። ሠንጠረዥ ላይ «አሴቲክ አሲድ — ይችላል» የሚል ስታዩ ከጎኑ ያለውን የመቶኛ ቁጥር እዩ። 10 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ በርሜል ላይ ያለው ግን 99።

እዚህ ላይ ለራሴ ሥራ የማይጠቅም ምክር ልስጣችሁ። ኬሚካሉ የመጣበትን ዕቃ እዩ። ፎርሚክ አሲዱ ከአውሮፓም ከህንድም ይምጣ፣ በፖሊኤትሊን በርሜል ውስጥ ወራት ተቀምጦ ነው የመጣው። ፕላስቲኩ ችሎታል። ታዲያ አራት በርሜል ብቻ ካላችሁ ገንዳ ቀቡ ብዬ ለምን አደክማችኋለሁ? ከዚያው ፕላስቲክ የተሠራ ከሥሩ ፈሳሽ የሚይዝ መደገፊያ ግዙና በርሜሎቹን ላዩ ላይ አቁሙ። ይህ ዘዴ ግን ለብረት አይሠራም። 98 በመቶ ሰልፈሪክ በብረት ታንክ ይጓጓዛል። ያው አሲድ ዝናብ ሲቀላቀልበት ብረቱን ይበላዋል፣ በዚያ ላይ ይሞቃል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ፤ ዛሬ የመጣሁት ለእሱ ነው።

የአምራቾችን የመቋቋም ሠንጠረዥ ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ ፈሳሹ ሁልጊዜ ሲተኛበት ነው፣ እንደ ታንክ ውስጥ። አንዱ ፈሶ ለተወሰነ ሰዓት ሲቆይ ነው። ሦስተኛው ረጨት ብሎ ወዲያው ሲታጠብ ነው። ለመያዣ ገንዳ የሚያገለግለው መካከለኛው ነው፤ እዚያም በብዛት የምታዩት ቁጥር 72 ሰዓት ነው። ሦስት ቀን። ምክንያታዊ ይመስላል። ሦስት ቀን ሙሉ የፈሰሰ ነገር የማያነሳ ማን አለ?

እኛ አለን። አብረን እንቁጠር። ቅዳሜ ቀትር ላይ ሥራ ወጣን። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ገባን። 44 ሰዓት። ደህና ነን። አሁን ፋሲካን ቁጠሩ። ጸሎተ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት በር ተቆለፈ። ዓርብ ስቅለት፣ ቅዳሜ ሹር፣ እሑድ ፋሲካ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት የመጋዘኑ ሰው መጣ። እሱም ከመጣ ነው፤ ዶሮው ገና አላለቀም። 87 ሰዓት። ሠንጠረዡ ከሚለው 15 ሰዓት በለጠ። ያ ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ ፋሲካ ከእነ ዋዜማው አልታሰበም።

አንዳንዶቻችሁ ስቃችኋል። ግን ገንዳ አደጋ የሚደርስበት ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። በንስፊልድ እሑድ ነበር ብያችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ሽዋይዘርሃለ ላይ የሳንዶዝ መጋዘን የተቃጠለው ኖቬምበር 1 ቅዳሜ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። የእሳት ማጥፊያው ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ አልነበረም። ፀረ ተባዩን ይዞ ራይን ወንዝ ገባ፣ ወንዙ ቀላ፣ ዓሣው አለቀ። የቻርልስተኑ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ሁሉም ቅዳሜና እሑድ ነው ብዬ አላጋንንም።

ታዲያ 87 ሰዓት ያለው ሰው ምን ያድርግ? ሁለት መንገድ አለው። ወይ ሁልጊዜ ቢተኛበትም የሚችለውን ቅብ ይግዛ። ወፍራም ነው፣ በጨርቅ የተጠናከረ ነው፣ ሦስት ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ዋጋውም እንደዚያው። ወይ ሰዓቱን ያሳጥር። ገንዳው ጉድጓድ ውስጥ ፈሳሽ ሲገባ የሚጮህ ተንሳፋፊ ማንቂያ ያስገባ። የጥበቃ ሠራተኛው ማታ ማታ በባትሪ እንዲያየው ያድርግ። አሲድ የሚችል ፓምፕ፣ ጓንት፣ የፊት መከለያ ከተቆለፈው መጋዘን ውጪ ያስቀምጥ። እኔ ቅብ ሻጭም ቀቢም ነኝ፤ ግን ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። አንድ ነገር ብቻ፤ ናይትሪክ አሲድ ሲፈስ ሰጋቱራ እንዳታለብሱት። ይቀጣጠላል። በየመጋዘኑ ጥግ በጆንያ የተቀመጠውን ሰጋቱራ ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ዝናብም ሰዓት ነው። ክፍት ገንዳ 40 ካሬ ቢሆንና በአንድ ከሰዓት 50 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድበት 2,000 ሊትር ውሃ ይገባበታል። ገንዳው ለአደጋ የተዘጋጀ ቦታውን አጣ ማለት ነው። ከዚያ ሰው ይሰለቸውና የመውረጃውን ቫልቭ ከፍቶ ይተወዋል። ክፍት ቫልቭ ያለው ገንዳ ገንዳ አይደለም። በዚያ ላይ የእኛ ደጋ ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ ኢፖክሲ ፀሐይ ሲመታው ይቢጫል፣ ላዩ እንደ ጠመኔ ይዱቃል። ስለዚህ ከደንበኛ ጋር ስነጋገር መጀመሪያ የምሸጠው ቆርቆሮ ነው። ጣሪያ አልብሱት። ዝናቡንም ፀሐዩንም የወለሉን ሙቀት መዋዠቅም በአንድ ምስማር ትመታላችሁ። ቆርቆሮ ገዝተው ከቅቡ ደረጃ ዝቅ ያሉ ደንበኞች አሉኝ። አልተጸጸቱም።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ ፋብሪካ፣ ስሙ ይቅር፣ የምረቃ ቀን ደርሶበታል። የገንዳው ኮንክሪት ከተሞላ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ወሩ ነሐሴ። ኮንክሪት 28 ቀን ይቆይ እንደሚባል አውቃለሁ። ግን ሪባን ሊቆረጥ ነው፣ እኔም ብሩን ፈልጌዋለሁ። ቀባሁት። አረንጓዴ፣ መስታወት የመሰለ። እንግዶቹ ጫማቸውን እያዩበት አለፉ። በአራተኛው ወር ተጠራሁ። ወለሉ ላይ የሽሮ ፍንዳታ የመሰለ እብጠት ነው። አንዱን በምስማር ወጋሁት። ፊቴ ላይ ውሃ ፊጭ አለ። ኮንክሪቱ ውስጥ የነበረው እርጥበት መውጫ አጥቶ ቅቡን ከሥር ገፍቶታል።

ሌላ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ እንደ እንጀራ ተነሳልኝ። ጀርባውን ገለበጥኩት። ነጭ የሲሚንቶ ዱቄት ተለጥፎበት ነበር። ይህን አስታውሱ፤ ቅብ ሲነሳ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። ንጹሕ ከሆነ ቅቡ አልያዘም፤ እርጥበት ወይም ዘይት አለ። ሲሚንቶ ይዞ ከተነሳ ግን ቅቡ በደንብ ይዟል፣ የከዳው ኮንክሪቱ ነው። ኮንክሪት ሲሞላና ላዩ ሲለሰልስ የሚንሳፈፍ ቀጭን የሲሚንቶ ወተት አለ። ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል። በቁልፍ ብትፍቁት ግን ይዱቃል። እሱ ሳይነሳ የዓለም ምርጡን ኖቮላክ ብትቀቡ የቀባችሁት ዱቄት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳላደርግ የማላልፋቸው ነገሮች አሉ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚጠጋ ግልጽ ላስቲክ ወለሉ ላይ አነጥፋለሁ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አትማለሁ፣ ቢያንስ 16 ሰዓት እተወዋለሁ። ጠዋት ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ አይቀባም። ላስቲኩ ደረቅ ቢሆንም ለትልቅ ሥራ ኮንክሪቱን በስቶ እርጥበቱን የሚለካ መሣሪያ አስመጣለሁ። የውሃ ጠብታ አንጠባጥባለሁ። እንደ ዕንቁ ክብ ሆና ከቆመች ዘይት አለ፤ ኮንክሪቱ ሲጠጣት ነው ደስ የሚለኝ። በመዶሻ አንኳኳለሁ፤ ባዶ ማሰሮ የሚመስል ድምፅ የሰጠ ልስን ይፈነቀላል። ከዚያ ላዩ በማሽን ይፋቃል ወይም በብረት ፍንጣሪ ይመታል፤ እጃችሁን ስታሳልፉበት ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት እስኪመስል። በአሲድ አጥቦ መቀባት የለመዱ አሉ። ለመኪና ማቆሚያ ይሁን። ለኬሚካል ገንዳ ግን አሲዱ የሚተወው ጨው በኋላ ራሱ ችግር ነው።

የያዘ መሆኑንም እንለካለን። ትንሽ የብረት ክብ ቅቡ ላይ ይለጠፍና በመሣሪያ ይሳባል። በካሬ ሴንቲሜትር 15 ኪሎ ገደማ ሳይደርስ ከተነቀለ ደስ አይለኝም። ሲነቀልም ኮንክሪቱን ገንጥሎ ቢወጣ እመርጣለሁ።

ስለ አየሩ አንድ ነገር። ኮንክሪት ይተነፍሳል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቀው ውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ ይወጣል፣ እርጥብ ቅብ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይተዋል። አሲድ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ ይበቃዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ድርብ ወለሉ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ከሰዓት በኋላ ነው የምንቀባው። በጣም ካመሸ ደግሞ ጤዛ አለ። የወለሉ ሙቀት ጤዛ ከሚወርድበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ከፍ ብሎ መቆየት አለበት። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ይህቺን መስኮት ማግኘት ቀላል አይደለም። ማታ ቀዝቅዞ እርጥበት ሲገባ ኢፖክሲው ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ይወጣል። ሳይታጠብ ሁለተኛው ድርብ ከተቀባበት ሁለቱ አይጋቡም። ቀቢው ይህን አያውቅም ብዬ አልወቅሰውም። ማንም አልነገረውም። የሁለቱንም ባልዲ ይዘት በዓይኑ ገምቶ ሲያዋህድ ሳይ ግን ዝም አልልም። ሚዛን ይምጣ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አታምኑት፤ እኔንም ጭምር። የመዳፍ ስፋት ያላቸው ጥቂት የኮንክሪት ቁራጮች አሠሩ። በታሰበው ውፍረት ይቀቡ፣ ሙሉ ሳምንት ይድረቁ። ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ውስጥ፣ ከራሳችሁ በርሜል የተቀዳ ጥቂት ኬሚካል ላዩ ላይ ይደረግና ብርጭቆ ይደፋበት። ከእናንተ በርሜል ማለቴ ነው፣ ከሻጩ ናሙና አይደለም። በእናንተ ሰዓት ይቆይ። 44 ከሆነ 44፣ 87 ከሆነ 87። ከዚያ ይታጠብ። ቀለሙ ቢቀየር ብቻውን አያስደነግጠኝም። በጥፍራችሁ ተጫኑት። ጥፍር ከገባበት ወድቋል። በማግስቱ ደግሞ እዩት፤ አንዳንዱ ካደረ በኋላ ነው የሚያብጠው። ዋጋው የጥቂት ብርጭቆና የአንድ ሳምንት ትዕግሥት ነው።

ጥያቄ ካለ። እሺ እህቴ።

(አንዲት ተሳታፊ ስለ ቀለሙ ጠየቀች፤ ግራጫ ይሻላል ወይስ ቢጫ?)

ፈካ ያለ ይሁን። ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ላይ የፈሰሰ ነገር አይታይም። ሁለቱ ድርብ ደግሞ የተለያየ ቀለም ይኑራቸው፤ ከሥር ቀይ፣ ከላይ ግራጫ። ፎርክሊፍት ሲፍቀው ቀዩ ብቅ ይላል። ያኔ የጥገና ቀን ደረሰ ማለት ነው።

(ሌላ ተሳታፊ፤ አሮጌ ቅብ ላይ ደርቦ መቀባት ይቻላል ወይ?)

ጋሼ፣ አሮጌው በመሳቢያው መሣሪያ ካልተነቀለና ኬሚካል ካልጠጣ ይቻላል። ከጠጣ ግን አዲሱን ከሥር ይበላዋል። እኔ ብሆን እፍቀዋለሁ።

በሉ ወረቀቶቹን ስጡኝ። ጮክ ብዬ ላንብብ። «2 ሰዓት።» «ወዲያውኑ።» ይህኛውም «ወዲያውኑ»። «30 ደቂቃ።» «1 ሰዓት፣ መብራት ካለ።» ይቺ ጥሩ ናት። «ወዲያውኑ።» «እስከ ሰኞ።» ይኸው አንድ ሐቀኛ ሰው። የመጨረሻዋ ረዘም ትላለች። እንዲህ ትላለች፤ «የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬን አጠፋለሁ።»